ፊደል አይዘረፍም፦ የአንድ ወጣት ሚሲዮናዊ ኑሮ በደቡባዊ አፍሪካ



ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ አንድ ወጣት ነው። ይህ ወጣት አገሩን ትቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ወደ ደቡባዊ አፍሪካ ሄደ። ያስነሣው የክርስትና እምነቱ ነው። ወንጌል ሊሰብክ፣ ሕመምተኛ ሊያክም፣ ፊደል ሊያስተምር በገዛ ፈቃዱ ሄደ። ስሙ ዴቪድ ሊቪንግስተን ይባላል።

ሊቪንግስተን በኋላ ዝነኛ ሰው ሆኗል። ብዙ ሰው የሚያውቀው በረጃጅም ጉዞዎቹ ነው። እኛ ግን ዛሬ የምናወጋው ስለ ዝናው አይደለም። ገና ማንም ስሙን ሳያውቀው ስለኖረው ኑሮ ነው። ቋንቋውን እንዴት ለመደ? ምን በላ? ቀኑን እንዴት ዋለ? ማንን አስተማረ? ያስተማረውስ የት ደረሰ?

ታሪኩን ስናነብ አንድ ነገር ገረመን። ሊያስተምር የሄደው ሰው መጀመሪያ ራሱ ተማሪ ሆነ። ሌሎችን ሊያድን የሄደው ሰው በአፍሪካውያን እጅ ዳነ። ነገሩ እንዴት እንደሆነ አብረን እንየው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር እናስታውሳችሁ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ሰዓቱ ግን በእኛ ነው።

መጽሐፍ በመፍተያው ላይ

ሊቪንግስተን በ1813 ተወለደ። የተወለደባት መንደር ብላንታየር ትባላለች። መንደሯ ያለችው በብሪታንያ፣ ስኮትላንድ በሚባለው አገር ነው። ወላጆቹ ድሆች ነበሩ። እናት፣ አባትና ልጆች በአንዲት ክፍል ተፋፍገው ይኖሩ ነበር።

አሥር ዓመት ሲሞላው ጥጥ መፍተያ ፋብሪካ ገባ። ሥራው የተበጠሰ ክር መቀጠል ነበር። ሥራ የሚገባው ከማለዳው 12 ሰዓት ነው። የሚወጣው ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። እስቲ አስቡት! የአሥር ዓመት ልጅ ነው።

ልጁ የመጀመሪያ ደመወዙን ሲቀበል ምን ገዛበት መሰላችሁ? ከፊሉን ለእናቱ ሰጠ። በከፊሉ መጽሐፍ ገዛ። መጽሐፉ የላቲን ቋንቋ መማሪያ ነበር። ላቲን የጥንት ሮማውያን ቋንቋ ነው። በዚያ ዘመን ሐኪም መሆን የሚፈልግ ሰው ላቲን ማወቅ ነበረበት።

ታዲያ በየት ጊዜው ያነብ ነበር? መጽሐፉን ገልጦ በመፍተያው መኪና ላይ ያስቀምጠዋል። በአጠገቡ ሲያልፍ አንድ ዓረፍተ ነገር ያነባል። ክር ቀጥሎ ሲመለስ ሌላ አንድ ያነባል። ከሥራ ሲወጣ ደግሞ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ማታ ትምህርት ቤት ይማራል። ከዚያም ቤቱ ገብቶ ሲያነብ ያመሻል። እናቱ መጽሐፉን ከእጁ ነጥቃ ካላስተኛችው በቀር እንቅልፍ የለም።

እንዲህ ሲል አደገ። ገንዘብ አጠራቅሞ በ1836 የሕክምና ትምህርት ጀመረ። በ1840 በሐኪምነት ተመረቀ።

ሊቪንግስተን መጀመሪያ መሄድ የፈለገው ወደ ቻይና ነበር። ነገር ግን በቻይናና በብሪታንያ መካከል ጦርነት ተነሣ። መንገዱ ተዘጋ። በዚህ መካከል ሮበርት ሞፋት ከሚባል ሰው ጋር ለንደን ላይ ተገናኘ። ሞፋት በደቡባዊ አፍሪካ ብዙ ዓመት የኖረ ሚሲዮናዊ ነበር። ሚሲዮናዊ ማለት ሃይማኖት ለማስተማር ወደ ሌላ አገር የሚላክ ሰው ማለት ነው። ሞፋት ከሚኖርበት ቦታ በስተሰሜን ሰፊ ምድር እንዳለ ነገረው። በዚያ ምድር ማለዳ ማለዳ የብዙ መንደር ጢስ ይታያል። አንድም ሚሲዮናዊ ግን ገና አልደረሰበትም። ወጣቱ ይህን ሲሰማ ልቡ ተነሣ።

ሁለት ወር በሠረገላ

በታኅሣሥ ወር 1840 ሊቪንግስተን መርከብ ተሳፈረ። ያኔ 27 ዓመቱ ነበር። በመርከብ ላይም ሥራ አልፈታም። በከዋክብት እየለካ ያለበትን ቦታ የሚያውቅበትን ብልሃት ከመርከቡ አዛዥ ተማረ።

በ1841 ደቡብ አፍሪካ ደረሰ። ከባሕሩ ዳር ወደ መሐል አገር የሚሄደው በበሬ በሚጎተት ሠረገላ ነው። ሠረገላው ቤትም፣ ጎተራም፣ አልጋም ነው። በሬዎቹ ሲደክሙ ይቆማል። ውሃ ሲገኝ ይታደራል። ወንዝ ሲሞላ ይጠበቃል። እንዲህ እያለ ከሁለት ወር በላይ ተጓዘ። በሐምሌ ወር መጨረሻ ኩሩማን ገባ።

ኩሩማን የሞፋት ጣቢያ ነው። በረሃ ዳር ያለ ልምላሜ ነው። በዚያ አንድ ትልቅ ምንጭ አለ። ይህ ምንጭ በቀን 20 ሚሊዮን ሊትር ያህል ንጹሕ ውሃ ያፈልቃል። ሞፋት ቀድሞ አትክልተኛ ነበረና ውሃውን በቦይ መርቶ አትክልትና ፍራፍሬ አለማበት።

ሌላም ነገር ነበረ። በኩሩማን የእጅ ማተሚያ መኪና ነበረ። ሞፋት በ1831 ያመጣው ነው። የአካባቢው ሕዝብ ቋንቋ ሴትስዋና ይባላል። ያን ጊዜ ቋንቋው ገና በጽሑፍ አልለመደም ነበር። ሞፋት ከአገሬው ሰው እየጠየቀ፣ እየተሳሳተና እየታረመ ቋንቋውን ተማረ። በዚያም መኪና የፊደል መማሪያና የንባብ መጻሕፍት አተመ።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ግጥምጥሞሽ አለ። በሴትስዋና የተተረጎመው አዲስ ኪዳን በ1840 ለንደን ላይ ታተመ። በአማርኛ የተተረጎመው ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስም የታተመው በዚያው በ1840 ነው። ሁለት የአፍሪካ ቋንቋዎች፣ አንዱ ከሰሜን ምሥራቅ፣ አንዱ ከደቡብ፣ በአንድ ዓመት መጽሐፍ አገኙ ማለት ነው።

መጀመሪያ ራሱ ተማሪ ሆነ

ሊቪንግስተን ኩሩማን ተቀምጦ ማስተማር ይችል ነበር። እሱ ግን ከፈረንጆች ጋር ከዋልኩ ቋንቋውን አልለምድም አለ። ስለዚህ በ1842 ወደ ሰሜን ወጣ። ባክዌና በሚባሉ ሕዝቦች መንደር ስድስት ወር ያህል ተቀመጠ። በዚያ አንድም ነጭ አልነበረም። ከሕፃኑም፣ ከሽማግሌውም ቃል እየለቀመ ሴትስዋናን ተማረ።

በዚያን ጊዜ የደረሰበት አንድ አስቂኝ ነገር አለ። አንድ ቀን በሬዎቹ ታመሙና በእግር መሄድ ግድ ሆነ። አብረውት የሚሄዱት ሰዎች ስለ እሱ ማውራት ጀመሩ። ቋንቋቸውን የሚሰማ አልመሰላቸውም። ይህ ሰው ኮ አቅም የለውም፣ ቀጭን ነው፣ ወፍራም መስሎ የሚታየው በዚያ ሱሪ በሚባል ከረጢት ውስጥ ስለገባ ነው፣ ተባባሉ። ሊቪንግስተን ሁሉንም ሰማ። አንዳች አልመለሰም። እርምጃውን ብቻ አፈጠነ። ለብዙ ቀን ሲያስኬዳቸው ሰነበተ። በመጨረሻ ራሳቸው ሰዎቹ ለካስ ብርቱ ነው አሉ።

በዚያው መንደር ዝናብ ጠፍቶ ነበር። ሊቪንግስተን ዝናብ ማዘነብ አውቃለሁ አለ። ሰዉ ሁሉ ጆሮውን ሰጠ። ብልሃቱ ግን የመስኖ ቦይ መቆፈር ሆነ። በቂ አካፋና ዶማ አልነበረም። ሰዎቹ ሹል እንጨት ይዘው ቆፈሩ። የአገሩ ዝናብ አውራጅ ሳይቀር እየሳቀ አብሮ ቆፈረ።

ድር ቢያብር

በ1843 ሊቪንግስተን ማቦትሳ ወደሚባል ቦታ ሄደ። አብሮት መባልዌ የሚባል ሰው ነበረ። መባልዌ የአገሩ ተወላጅ ነው። እሱም አስተማሪ ነው። ይህን ስም ያዙልን።

ማቦትሳ አንበሳ የበዛበት ነበር። አንበሶቹ ሌሊት በረት ዘለው ይገባሉ። ይባስ ብለው በቀን በብርሃን ከብት ይፈጁ ጀመር። ሕዝቡ ደግመውብናል፣ ጠላት አስደግሞብናል እያለ ፈራ። አንበሳ አንዱ ሲገደል ሌሎቹ አካባቢውን እንደሚለቁ ይታወቅ ነበር። ስለዚህ የካቲት 1844 ሰዉ ጦሩን ይዞ ወጣ። ሊቪንግስተንና መባልዌም ጠመንጃ ይዘው አብረው ወጡ።

አንበሶቹ በዛፍ በተሸፈነች ትንሽ ኮረብታ ላይ ነበሩ። ሰዎቹ ኮረብታዋን ከበቡ። ግን ፈሩ። አንበሶቹ ክቡን ጥሰው አመለጡ። ሁሉም ወደ መንደር መመለስ ጀመረ። በመንገድ ላይ ሊቪንግስተን ከቁጥቋጦ ጀርባ፣ በድንጋይ ላይ የተቀመጠ አንበሳ አየ። ርቀቱ 30 እርምጃ ያህል ነው። በባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃው ሁለቱንም ተኮሰ። መታው። አንበሳው ግን አልሞተም። ሊቪንግስተን ጥይት ሲያጎርስ ጩኸት ሰማ። ዞር ሲል አንበሳው ዘሎ መጣበት።

ትከሻው ላይ ነከሰው። መሬት ላይ ጥሎ፣ ውሻ አይጥን እንደሚያራግፍ አራገፈው። የክንዱን አጥንት አደቀቀው። ሊቪንግስተን በኋላ ሲጽፍ፣ በዚያች ሰዓት ሕመምም ፍርሃትም እንዳልተሰማው ተናግሯል። በሕልም ውስጥ ያለ ይመስል ደንዝዞ ነበር።

ማን አዳነው? መባልዌ ነው። ወደ አንበሳው ቀርቦ ቃታ ሳበ። ጠመንጃው ከሸፈ። ደግሞ ሳበ፤ ሁለተኛውም ከሸፈ። አንበሳው ሊቪንግስተንን ለቆ መባልዌ ላይ ዘለለ። ጭኑን ነከሰው። በዚህ ጊዜ ሌላ ሰው ጦር ይዞ ደረሰ። ይህን ሰው ሊቪንግስተን ከዚያ በፊት ከጎሽ አትርፎት ነበር። አንበሳው እሱንም ትከሻው ላይ ያዘው። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ጥይት ሠራና አንበሳው ወድቆ ሞተ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲሉ አባቶቻችን ይተርታሉ። የመባልዌ ጠመንጃ አልሠራም። የሠራው ድፍረቱ ነው። ጠመንጃው ሲከሽፍበት ቢሸሽ ኖሮ ሊቪንግስተን እዚያው በቀረ ነበር።

በሊቪንግስተን ክንድ ላይ 11 የጥርስ ቁስል ተቆጠረ። አጥንቱ ደህና አድርጎ አልገጠመም። እስከ ዕለተ ሞቱ ግራ እጁን እንደ ልብ ማንሣት አልቻለም።

የኮሎቤንግ አንድ ቀን

በ1845 ሊቪንግስተን አገባ። ያገባት የሞፋትን ልጅ ሜሪን ነው። ሜሪ በአፍሪካ የተወለደች፣ ሴትስዋናን ከልጅነቷ የምታውቅ ሴት ነበረች። ባልና ሚስት ወደ ሰሜን ሄደው ሴቼሌ ከሚባል መሪ ጋር ኖሩ። ሴቼሌ የባክዌና መሪ ነው። በ1847 ድርቅ ስለ ጸና ሁሉም ተነሥተው ኮሎቤንግ በሚባል ወንዝ ዳር ሠፈሩ። ቦታው ዛሬ በቦትስዋና ውስጥ ነው።

የዚያን ሠፈር ውሎ ልንገራችሁ። ቤተሰቡ ከፀሐይ ጋር ይነሣል። ጸሎት ይደረጋል። ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ቁርስ ይበላል። ከዚያ ትምህርት ቤት ይከፈታል። ወንዱም፣ ሴቱም፣ ልጁም መጥቶ ይማራል። እስከ 5 ሰዓት ፊደልና ንባብ ነው።

ከዚያ በኋላ ባልየው ወደ እጅ ሥራ ይሄዳል። አንዴ ብረት ይቀጠቅጣል። አንዴ እንጨት ይጠርባል። አንዴ አትክልት ይኮተኩታል። ቤቱን የሠራው በገዛ እጁ ነው። ሜሪ ደግሞ ዳቦ ትጋግራለች። ምጣዱ ሳይሆን ኩይሳ ነው ምድጃዋ። የምስጥ ኩይሳ ተቦርቡሮ እሳት ይነድበታል፤ ሲግል ፍሙ ተጠርጎ ሊጡ ይገባበታል። ቅቤ ትንጣለች። ከሞራ ሻማ ታበጃለች። ከአመድ ሳሙና ትሠራለች። ሱቅ የሚባል ነገር በአጠገባቸው የለም።

ከምሳ በኋላ ትንሽ ያርፋሉ። ከዚያ ሜሪ ሕፃናትን ታስተምራለች። መቶ ያህል ልጆች ይሰበሰባሉ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ስፌት ታስተምራለች። ሲመሽ ሊቪንግስተን ወደ መንደር ወርዶ ከሰዉ ጋር ይጫወታል። የታመመ ካለ መድኃኒት ይሰጣል። ማታ ከብቱ ታልቦ ሲያበቃ ሰዉ ለጸሎትና ለትምህርት ይሰበሰባል። ውሎው እንግዲህ ይህ ነው።

ሴቼሌ ፊደል ሲቆጥር

አሁን ስለ ሴቼሌ እናውጋችሁ። ሴቼሌና ሊቪንግስተን በዕድሜ እኩዮች ናቸው ማለት ይቻላል። ሴቼሌ ገና ልጅ ሳለ አባቱ ተገደለበት። ሥልጣኑን መልሶ ያገኘው ብዙ ከተንገላታ በኋላ ነው።

ሊቪንግስተን ወደ እሱ መንደር በገባበት በመጀመሪያው ቀን ሴቼሌ ፊደል ቆጠረ። በአንድ ቀን! ከዚያ በኋላ ከመጽሐፍ አልተለየም። ቀድሞ አደን የሚወድ፣ ቀጭን ሰው ነበር። ንባብ ከጀመረ ወዲህ ግን ቁጭ ብሎ መዋል አበዛና ወፈረ። ሊቪንግስተን በሄደ ቁጥር ጥቂት ላንብብልህ ይለው ነበር።

ሴቼሌ ጠያቂ ነበር። ይህ ወንጌል እውነት ከሆነ፣ የእናንተ አባቶች ለምን ቀደም ብለው ለእኛ አባቶች አልላኩም፣ ብሎ ጠየቀ። ሊቪንግስተን ለዚህ ጥያቄ ቀላል መልስ አላገኘም።

ሴቼሌ ሕዝቡም እንዲያምን ፈለገ። አንድ ቀን፣ ሰዉ በልመና አይሰማም፣ ብትፈቅድ ከአውራሪስ ቆዳ የተሠራ አለንጋ ይዘን በአንድ ጊዜ እናሳምነዋለን አለ። ሊቪንግስተን እምቢ አለ። እምነት በግርፋት አይገባም ብሎ መለሰለት።

ለሴቼሌ አንድ ከባድ ነገር ነበረበት። አምስት ሚስቶች ነበሩት። ለመጠመቅ አራቱን መተው አለበት ተባለ። እነዚህ ሴቶች ግን በችግሩ ጊዜ ከጎኑ የቆሙ ሰዎች ልጆች ናቸው። ውለታ አለባቸው። ሴቼሌ ሦስት ዓመት ያህል አወጣ፣ አወረደ። በመጨረሻ ለእያንዳንዷ አዲስ ልብስና ዕቃ ሰጠ። ጥፋት እንደሌለባቸው አስመስክሮ ወደ ወላጆቻቸው ላካቸው። በጥቅምት 1848 ተጠመቀ። በዚያ ቀን ያለቀሱ ሽማግሌዎች ነበሩ። መሪያችንን ነጭ ወሰደብን ብለው ነው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ1849 ከተሰናበቱት ሴቶች አንዷ ከሴቼሌ ፀንሳ ተገኘች። ሴቼሌ አልካደም። ጥፋቱን አመነ። ሊቪንግስተንም እጅግ አዝኖ ከቁርባን አገደው። ብዙ ሰው የሊቪንግስተን ሥራ ከንቱ ቀረ ብሎ አሰበ። ግን ገና ነው። ታሪኩ አላለቀም።

ዝናብ የጠፋበት ዘመን

በኮሎቤንግ የመጀመሪያው ዓመት ጥሩ ነበር። ሕዝቡ ግድብ ሠራ፤ ቦይ ቆፈረ፤ ሰብሉ አማረ። በሁለተኛው ዓመት ዝናብ ቀረ። በሦስተኛውም ቀረ። ወንዙ ደረቀ። ዓሦቹ ስላለቁ ጅብ ከየአቅጣጫው መጥቶ በላቸው። በቀትር ጊዜ መሬቱ ሲለካ ሙቀቱ ከ55 ዲግሪ በላይ ሆነ። በላዩ የተቀመጠ ጥንዚዛ ወዲያው ይሞታል።

ሴቶች እህል ለመግዛት ጌጣቸውን ሸጡ። ልጆች ሥር እየቆፈሩ በሉ። አንበጣ ሲመጣ ደስታ ነበር። ተጠብሶ፣ ተወቅጦ ከማር ጋር ይበላል። ሊቪንግስተንም ጣፍጦት ይበላ ነበር።

ሴቼሌ ቀድሞ ራሱ ዝናብ አውራጅ ነበር። ሲጠመቅ ይህን ተወ። ስለዚህ ሕዝቡ ዝናብ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው አለ። ሊቪንግስተን ከአንድ ዝናብ አውራጅ ጋር ያደረገውን ክርክር በመጽሐፉ ጽፎታል። ሰውየው ሞኝ አልነበረም። አንተም መድኃኒት ትሰጣለህ፣ አንዳንዴ በሽተኛው ይድናል፣ አንዳንዴ ይሞታል፣ ሲሞትብህ መድኃኒትህን ትተዋለህ ወይ፣ ብሎ ተከራከረው። ሊቪንግስተን ይህን ንግግር ሳይደብቅ ጻፈ። እኛም ስናነበው፣ ሰውን ለማስተማር መጀመሪያ የሰውየውን ነገር መስማት እንደሚያሻ ተረዳን።

በ1849 ሊቪንግስተን ከጓደኞቹ ጋር የካላሃሪን በረሃ አቋርጦ ንጋሚ ሐይቅ ደረሰ። በሚቀጥለው ዓመት ሜሪንና ልጆቹን ይዞ ተጓዘ። ከጉዞው መልስ የተወለደችው ሕፃን በስድስት ሳምንቷ ገደማ ሞተች። በ1851 ደግሞ በረሃ ውስጥ ውሃ አለቀባቸው። ከሠራተኞቹ አንዱ ውሃውን አባክኖት ነበር። ልጆቹ በጥም አለቀሱ። ያቺ ሌሊት የጭንቅ ሌሊት ነበረች። ሜሪ ባሏን አንድ ቃል አልወቀሰችም። ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር። በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ውሃ ፍለጋ የሄዱት ሰዎች ይዘው ደረሱላቸው። ልጆቹ ተረፉ።

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ይገባል። ሊቪንግስተን ለሥራው ሲል ቤተሰቡን ብዙ ጎድቷል። በ1852 ሜሪንና አራት ልጆቹን ወደ ብሪታንያ ልኮ ብቻውን ቀረ።

የተቀደዱት መጻሕፍት

በዚያው በ1852 ነሐሴ ወር መከራ መጣ። በአካባቢው ቦር የሚባሉ ነጭ ሠፋሪዎች ነበሩ። ከአባቶቻቸው ብዙዎቹ ከሆላንድ የመጡ ናቸው። ቦሮቹ የአገሬውን ሰው ያለ ደመወዝ ያሠሩ ነበር። ሴቼሌ እንዲገዛላቸው ጠየቁት። ወደ ሰሜን የሚያልፉትን ነጋዴዎች እንዲከለክልም አዘዙት። ሴቼሌ እምቢ አለ። ቦሮቹም ጦር ይዘው መጡበት። ዲማዌ በሚባል ቦታ ውጊያ ሆነ። ብዙ ሰው ሞተ። ሴቶችና ሕፃናት ተማረኩ። ከልጆቹም መካከል ብዙዎቹ የሜሪ ተማሪዎች ነበሩ። የሴቼሌ ልጆችም ተወስደዋል።

የሊቪንግስተን ቤትም ተዘረፈ። የቤት ዕቃው ተወሰደ። የመድኃኒት ጠርሙሱ ተሰባበረ። መጻሕፍቱ ተቀደዱ። ወረቀታቸው በሜዳ ተበተነ። ሊቪንግስተን በዚያን ጊዜ ኩሩማን ነበር። ወሬውን ያመጣችው የሴቼሌ ሚስት ማሴቤሌ ናት። ውጊያው ሲሆን ሕፃኗን ይዛ ቋጥኝ ሥር ተደብቃ ነበር። ሕፃኑ አልቅሶ እንዳያጋልጣት የእጇን አምባር አውልቃ እያጫወተች ዝም አሰኘችው። እንዲህ አምልጣ፣ የባሏን ደብዳቤ ይዛ ኩሩማን ደረሰች።

ደብዳቤ! ልብ በሉ። ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ፊደል የማያውቀው ሴቼሌ፣ በደሉን በጽሑፍ አስታወቀ። መጻሕፍቱ ተቀደዱ። ፊደሉ ግን በሴቼሌ ራስ ውስጥ ነበረ። እሱን ማን ይቀድደዋል?

ምን ተረፈ?

ሊቪንግስተን ከዚያ በኋላ ወደ ኮሎቤንግ ተመልሶ አልኖረም። ወደ ሩቅ አገር ተጓዘ። ሴቼሌ ግን ሕዝቡን ሰብስቦ ኖረ። አስተማሪ አጥቶ ቁጭ አላለም። መጽሐፉን ገልጦ ራሱ ያነብላቸው፣ ራሱም ያስተምራቸው ነበር። ሊቪንግስተን ራሱ በ1857 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሴቼሌ ለገዛ ሕዝቡ ሚሲዮናዊ እንደ ሆነ መስክሯል። ከንቱ ቀረ የተባለው ሥራ ሥር ሰድዶ ተገኘ። በዚያው በ1857 የሴትስዋናው መጽሐፍ ቅዱስ ተሟልቶ በኩሩማን ታተመ።

ሴቼሌ በ1892 አረፈ። በ1895 ልጁ ሴቤሌና ሌሎች ሁለት መሪዎች፣ ካማና ባቶኤን፣ ባሕር ተሻግረው ለንደን ሄዱ። በዚያን ጊዜ አገራቸው በብሪታንያ ሥር ወድቃ ነበር። አንድ የነጮች ኩባንያ ደግሞ መሬታቸውን ሊጠቀልል ተዘጋጅቶ ነበር። ሦስቱ መሪዎች ተከራክረው ይህን አስቀሩ። ያች አገር በ1966 ነፃነቷን አገኘች። ቦትስዋና የምትባለው ይህችው ናት።

ሊቪንግስተንስ? በ1873 ዛሬ ዛምቢያ በምትባለው አገር ሞተ። ቹማና ሱሲ የሚባሉ አፍሪካውያን ጓደኞቹና ሌሎች ባልደረቦቹ ልቡን ከዛፍ ሥር ቀበሩ። አስከሬኑን አድርቀው፣ ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ተሸክመው እስከ ባሕር ዳር አደረሱት። ለንደን ሲደርስ፣ ይህ በእውነት ሊቪንግስተን ነውን ተባለ። ሐኪሞች የግራ ክንዱን አዩ። አንበሳው የሰበረው አጥንት እዚያው ነበር። እሱነቱ በዚያ ታወቀ።

እስቲ መልሰን እናስበው። በዚያ ክንድ ላይ የተጻፈው የሊቪንግስተን ጀግንነት ብቻ አይደለም። መባልዌም አለበት። ባለ ጦሩም ሰው አለበት። የአገሬው ሰዎች ባይደርሱለት ኖሮ፣ በ1844 ማቦትሳ ላይ ሁሉ ነገር ባበቃ ነበር። ሴቼሌ ባያነብ ኖሮ ደግሞ የኮሎቤንግ ትምህርት ከወረቀቱ ጋር በነፋስ በተበተነ ነበር።

ኮሎቤንግ ላይ ዛሬ የቤቱ ፍርስራሽ ነው ያለው። ግድቡም፣ ትምህርት ቤቱም የለም። ሴትስዋና ግን ይጻፋል፤ ይነበባል። ቤት ይፈርሳል። መጽሐፍ ይቀደዳል። አስተማሪም ይሄዳል። ያወቁት ፊደል ግን አይዘረፍም።

አንብባችሁ ስትጨርሱ ተወያዩበት

1. ሊቪንግስተን ቋንቋውን ለመማር ምን አደረገ? ሌላ መንገድ ነበረውን?

2. ሴቼሌ ሕዝቡን በአለንጋ ላሳምን ሲል ሊቪንግስተን ምን መለሰ? እናንተ ብትሆኑስ ምን ትላላችሁ?

3. ሴቼሌ ደብዳቤ ጽፎ በደሉን አስታወቀ። እናንተ ዛሬ ደብዳቤ ብትጽፉ ለማን፣ ስለ ምን ትጽፋላችሁ? በደብተራችሁ ላይ ጻፉትና ለጎረቤታችሁ አንብቡለት።